በዶይችላንድ ቲኬት ቅዳሜን ማሳለፍ፦ አውሮፓ ውስጥ እየኖርን አውሮፓን ሳናይ አንቅር

የማይንዝ ነርስ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ጀርመን፣ ማይንዝ ውስጥ በነርስነት የምሠራ ሴት ነኝ። ሰሞኑን እዚሁ መድረክ ላይ አንዲት እህት «ከመጣሁ ዓመታት አለፉ፤ ከሥራ፣ ከቤትና ከሱፐርማርኬት ሌላ የማውቀው የለም፤ ብርዱና ብቸኝነቱ ሊጨርሰኝ ነው» ብላ ጽፋ ነበር። ብዙ ሰው «አይዞሽ» አላት። አይዞሽ ማለት ደግ ነው፤ እኔ ግን የሚጨበጥ ነገር ልንገራት ብዬ ይህን ከፈትኩ። እህቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተነሺና ባቡር ተሳፈሪ።

ገንዘቡስ ለምትሉ፣ አብዛኞቻችን አስቀድመን ከፍለነዋል። ዶይችላንድ ቲኬት የሚባለውን የጀርመን ወርሃዊ የመጓጓዣ ትኬት ለሥራ መመላለሻ ብለን በየወሩ እንገዛለን። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 በ49 ዩሮ ተጀመረ፣ በ2025 58 ገባ፣ ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ 63 ዩሮ ሆኗል። ጭማሪው ኪስ ይነካል፣ አልክድም። ነገር ግን በዚህ ትኬት የከተማ አውቶቡስና ትራም ብቻ ሳይሆን በመላ አገሪቱ ያሉትን የክልል ባቡሮች መሳፈር ይቻላል። ሰሌዳው ላይ «ኤር ኤ»፣ «ኤር ቤ» ወይም «ኤስ ባን» ካያችሁ ግቡ። ፈጣኖቹ «ኢ ሴ ኤ» እና «ኢ ሴ» ላይ አይሠራም። ትኬቱ በየወሩ ራሱ የሚታደስ ነው፤ ማቆም የሚፈልግ እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ማሳወቅ አለበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ትሪርን እመርጥለታለሁ። ከማይንዝ ወደ ኮብሌንዝ የሚሄደውን፣ በየጣቢያው የሚቆመውን ባቡር ያዙና በስተቀኝ መስኮት አጠገብ ተቀመጡ። ከቢንገን እስከ ኮብሌንዝ ያለው የራይን ሸለቆ በ2002 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሐዲዱ ወንዙን ተከትሎ ነው የሚሄደው። በየኮረብታው ጫፍ ግንብ፣ በየተዳፋቱ የወይን ተክል፣ ውሃው ላይ ደግሞ ጭነት የተሸከሙ ረጃጅም መርከቦች አሉ። ሎረላይ የሚሉት 132 ሜትር ከፍታ ያለው አለት ከማዶ ይታያል። ኮብሌንዝ ላይ የሞዘል ወንዝ ከራይን ይቀላቀላል፤ እዚያ ባቡር ቀይራችሁ በሞዘል በኩል ትሪር ትገባላችሁ።

ትሪር ለእኛ ሰው ባዳ አይደለችም። ሮማውያን የሠሩት ፖርታ ኒግራ የሚባለው ጥቁር የድንጋይ በር ከ1,800 ዓመት በላይ ሆኖት ዛሬም በሥሩ ሰው ይመላለስበታል። ታላቁ ቆስጠንጢኖስ በዚህች ከተማ ተቀምጦ ገዝቷል፤ የዙፋን አዳራሹ አሁን የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ነው። ካቴድራሉ የቆመው በእናቱ በንግሥት እሌኒ ቤት ላይ ነው የሚል የቆየ ትውፊት አለ። የጌታ ቀሚስ ነው የሚባለው ልብስም በእሷ በኩል መጣ ይባላል፣ እዚያው ተቀምጧል። ደመራ በተለኮሰ ቁጥር የእሌኒን ታሪክ እየሰማን ላደግን ሰዎች ስሟን ጀርመን ውስጥ፣ የባቡር መንገድ ዳር ማግኘት ምን እንደሚመስል እናንተው ሄዳችሁ እዩት።

ስንቅ ያዙ። ጣቢያ ላይ የሚሸጥ ምግብ ውድ ነው፤ ቆሎ፣ አምባሻና በፔርሙዝ ሻይ ቀኑን ሙሉ ይበቃል። እሁድ ሱቅ ስለሚዘጋና ቅዳሜ ማታ ደክማችሁ ስለምትመለሱ አስቤዛውን ዓርብ ጨርሱት። እሁድን ለቅዳሴና ለእንቅልፍ ተዉት።

ሌሎቻችሁስ የት የት ሄዳችኋል? ጻፉልን።

ታታሪው ከዱይስቡርግ፦

እህቴ፣ ሐሳብሽ ቀና ነው። ግን የሁላችንም ኑሮ አንድ አይደለም። እኔ መጋዘን ነው የምሠራው፤ ቅዳሜም ብዙ ጊዜ ፈረቃ አለብኝ። ባለቤቴና ልጆቼ አዲስ አበባ ናቸው። እነሱን ለማምጣት የሚበቃ ስፋት ያለው ቤትና ቋሚ ገቢ አሳይ ይሉኛል። የዚህን አገር የቤት ኪራይ ታውቁታላችሁ። የእናቴም መድኃኒት በየወሩ አለ። ትርፍ ሰዓት ሲገኝ እገባለሁ እንጂ ግንብ ለማየት መስኮት አጠገብ ብቀመጥ ሐሳቤ እዚያው ቤቴ ነው። ብቸኝነቱን አውቀዋለሁ፤ መድኃኒቱ ግን ለእኔ ቤተሰቤ ነው።

የማይንዝ ነርስ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር በቶሎ ያገናኝህ። ያልከው እውነት ነው፣ ልከራከርህ አልፈልግም። ለቤተሰብ ገንዘብ መላክ ይቅር አላልኩም፤ እኔም እልካለሁ። ነገር ግን በሥራዬ የማየውን ልንገርህ። የእኛ ሰዎች እንቅልፍ አጥተው፣ ደም ግፊታቸው ወጥቶ፣ ጨጓራቸው ተልጦ ይመጣሉ። ምን ሆናችሁ ሲባሉ «ምንም» ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ አንድም ቀን ያላረፈ ሰው ቤተሰቡ በደረሰበት ሳምንት አልጋ ሲይዝ አይቻለሁ። ልጆችህ ሲመጡ አገሩን የሚያሳያቸው አንተ ነህ። ሙሉ ቀን ካልተገኘ ግማሽ ቀን ውሰድ። ኮሎኝ ለዱይስቡርግ ቅርብ ነው፣ ካቴድራሉ ደግሞ ከጣቢያው ስትወጣ ደጃፉ ላይ ነው። ግንባታው በ1248 ተጀምሮ የተጠናቀቀው በ1880 ነው፤ ማማዎቹ 157 ሜትር ይደርሳሉ። ውስጥ የሰብአ ሰገል አፅም አለበት የሚባል የወርቅ ሣጥን አለ። ጸሎትህን አድርሰህ ለማታው ፈረቃ ትመለሳለህ።

የሁለት ልጆች እናት፣ ኑርንበርግ፦

ልጆች ላሏችሁ ልጨምር። ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ትኬት አያስፈልገውም። እንደ እኔ በባየርን ክልል ለምትኖሩ ደግሞ የባየርን ቲኬት የሚባል የቀን ትኬት አለ። ወላጅ የራሱን ልጆች እስከ 14 ዓመት ድረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይዞ ይሄዳል። በሥራ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ነው የሚሠራው፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ። ዶይችላንድ ቲኬትም የባየርን ቲኬትም ኦስትሪያ ውስጥ እስካለው የዛልትስቡርግ ጣቢያ ያደርሳሉ። ድንበር ተሻግሮ ሌላ አገር መድረስ ልጆቼን ከምንም በላይ ያስደስታቸዋል።

ባቡር ውስጥ ልጅ እንዳይሰለች የምናደርገውን ልንገራችሁ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የመጠጥ ፕላስቲክ ጠርሙስና ጣሳ ሲገዛ እያንዳንዱ 25 ሳንቲም መያዣ ይከፈልበታል፤ ባዶው ሲመለስ ገንዘቡ ይመለሳል። ልጆቼ ቀኑን ሙሉ የቤተሰቡን ጠርሙስ ይሰበስባሉ፣ ሰኞ ሱቅ ያለው ማሽን ውስጥ ከተው ደረሰኙን ይቀበላሉ፣ ገንዘቡ የእነሱ ነው። ታላቅየው ሒሳብ የተማረው በዚያ ነው ማለት እችላለሁ።

ደግሞ አማርኛቸው የሚፈታው ባቡር ውስጥ ነው። ቤት ስንሆን ቴሌቪዥን አለ፣ ስልክ አለ፣ እኔም ወጥ ላይ ነኝ። ባቡር ላይ ግን ሁለት ሰዓት ፊት ለፊት ተቀምጠን ስለ አያታቸው፣ ስለ ጎንደር፣ ስለ እኔ የልጅነት ትምህርት ቤት እንጫወታለን። ይህን አንድም የቋንቋ ክፍል አልሰጠኝም።

አዲስ መጤ፣ ካሰል፦

ይቅርታ፣ እኔ ገና አዲስ ነኝ። ወረቀቴ ገና ነው፣ ውሳኔ እየጠበቅሁ ነው። ጓደኞቼ ቅዳሜ ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ እንሂድ ይሉኛል። ችግር ይኖረዋል? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።

ወረቀት የሚያውቅ፦

ወንድሜ፣ አትሂድ። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ከጀርመን መውጣት አይፈቀድለትም፤ ዱልዱንግ፣ ማለትም ከአገር ማስወጣቱ ለጊዜው የታገደለት ሰው ወረቀት፣ የያዘም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከተመደብክበት አካባቢ መውጣትም ሊከለከል ስለሚችል ወረቀትህ ላይ የተጻፈውን አንብብ፣ ወይም ማኅበራዊ ሠራተኛህን ጠይቅ።

የጀርመን የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ያለው ሰው ግን ካርዱንና ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርቱን ይዞ በሌሎቹ የሸንገን አገሮች ከ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ መቆየት ይችላል። ሰማያዊው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያላቸውም ይችላሉ። ካርዱም፣ ፓስፖርቱ ወይም የጉዞ ሰነዱም በእጅ መኖር አለባቸው፤ ስልክ ላይ ያለ ፎቶ አይበቃም። ጀርመን ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በየብስ ድንበሮቿ ሁሉ ፍተሻ ስለምታደርግ ስትመለሱ ፖሊስ ባቡር ውስጥ ሊጠይቃችሁ ይችላል። እንግሊዝና አየርላንድ ሸንገን ውስጥ አይደሉም፣ ለብቻ ቪዛ ይፈልጋሉ።

ስትራስቡርግን በተመለከተ፣ ወረቀት ላላችሁ። በዶይችላንድ ቲኬት ድንበሩ ላይ እስካለችው የጀርመን ከተማ ኬል ድረስ ትሄዳላችሁ። ከ2017 ጀምሮ ትራሙ ከኬል ጣቢያ ራይንን ተሻግሮ ፈረንሳይ ይገባል፤ ለዚያ የስትራስቡርግን የከተማ ትኬት ግዙ። የእግረኛ ድልድይም አለ። ካቴድራሉ 142 ሜትር ነው፤ ከ1647 እስከ 1874 ድረስ በዓለም ላይ ከእሱ የሚረዝም ሕንፃ አልነበረም።

አዲስ መጤ፣ ካሰል፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከለከላችሁኝ እንጂ ትኬት ልገዛ ነበር።

ነዋሪነቴ ሮም፦

ልጆቼ፣ ጨዋታችሁን ሳነብ ደስ አለኝ። እኔ በደርግ ጊዜ ሮም ገብቼ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። በርካሽ አውሮፕላን ቅዳሜና እሁድን ወደዚህ የምትመጡ ብዙ ናችሁ፤ ከኮሎሲየም ፊት ፎቶ ተነሥታችሁ ትመለሳላችሁ። እኔ የምለምናችሁ የራሳችሁን ታሪክ እየረገጣችሁት እንዳታልፉ ነው።

ከተርሚኒ ጣቢያ ስትወጡ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኰቸንቶ ይባላል። የአምስት መቶዎቹ ማለት ነው። እነሱም በጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የደመሰሷቸው የጣልያን ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያቸው ከጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ቆሟል። በየቀኑ ስንት ሺህ ሰው በዚያ አደባባይ ያልፋል፣ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ወደ ሰሜን ወጣ ስትሉ ደግሞ ቪያሌ ኢትዮጵያ፣ ቪያሌ ኤርትራ፣ ቪያሌ ሊቢያ የሚሉ ጎዳናዎች ያሉበት ሰፈር አለ፤ ቅኝ ገዥነቱ በከተማው ካርታ ላይ እንደተጻፈ ነው።

ከዚያ ወደ ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው ቦታ የአክሱም ሐውልታችን የቆመበት ነው። በፋሺስት ዘመን ተወስዶ፣ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ፣ በ2000 ዓ.ም. አክሱም ላይ ዳግም ቆመ። እኔ ሮም በገባሁ ጊዜ ሐውልቱ እዚህ ነበር፤ እሁድ እሁድ እየሄድኩ ከሥሩ እቀመጥ ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ስለሌለ ደስ ይለኛል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ማታ፣ በባዶ እግሩ በዚህ ሐውልት አጠገብ አልፎ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገባ። ከሐውልቱ ቦታ እስከ ቅስቱ በእግር ሂዱት፤ ሩቅ አይደለም።

ሌላው ቫቲካን ግቢ ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተኋላ ያለው የሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ዘው ተብሎ የሚገባበት አይደለም፤ የቫቲካን አትክልት ስፍራን ለማየት በሚደረገው ጉብኝት ከሩቅ ይታይ ይሆናል። የእኛ መነኮሳት እዚያ ይኖሩ ነበር። አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1548 እና 49 ሮም ላይ ያሳተሙት እዚያ ሆነው ነው። መቶ ዓመት ቆይቶ፣ በ1649፣ አባ ጎርጎርዮስ የሚባሉ የአማራ ሰው፣ የመካነ ሥላሴው፣ ሂዮብ ሉዶልፍ ከሚባል ጀርመናዊ ወጣት ጋር የተገናኙት እዚሁ ሮም ነው። የቀረው ታሪክ እናንተ አገር ነው፤ ጀርመን ያላችሁ ልጆች ታውቁታላችሁ?

የማይንዝ ነርስ፦

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። የሉዶልፍን ስም ሰምቼ ነበር፣ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ሮም መገናኘታቸውን ግን ከእርስዎ ነው የሰማሁት። ቀጣዩን ማን ያውቃል?

ባቡር ወዳጅ፣ ፍራንክፈርት፦

እኔ ላውጋችሁ፣ ምክንያቱም ይህን ጉዞ ከማንኛውም በላይ እወደዋለሁ። ለቬኒስም፣ ለፓሪስም አልለውጠውም።

ሉዶልፍ ኤርፉርት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1624 የተወለደ ሰው ነው። ሮም ላይ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ከተዋወቀ በኋላ የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን በ1652 ወደ ጎታ አስመጧቸው። ፍሪደንሽታይን በተባለው ቤተ መንግሥት ውስጥ ሁለቱ ተቀምጠው ሠሩ። ሉዶልፍ ይጠይቃል፣ አባ ስለ አገራቸው፣ ስለ ቋንቋው፣ ስለ ሃይማኖቱ ይመልሳሉ። በ1661 የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው ታተመ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የታተሙት እዚህ ፍራንክፈርት ነው፤ ሉዶልፍም በ1704 የሞተው በዚችው ከተማ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ግን አገራቸውን ዳግም አላዩም። በመልስ ጉዞ ላይ በ1658 ዛሬ ቱርክ ውስጥ ባለችው እስክንድሮና አካባቢ መርከባቸው ሰጥሞ ሞቱ። ስማቸው በየዩኒቨርሲቲው የሚነሣ ቢሆንም የእኛ ሰው ሲጠራቸው ብዙ አልሰማም፣ ይህ ያሳዝነኛል። የእኛን ቋንቋ ለአውሮፓ ያስተማሩ እሳቸው ናቸው።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከፍራንክፈርት ፉልዳ፣ ቤብራ፣ አይዘናህ ላይ እየቀየራችሁ በክልል ባቡር ጎታ ትደርሳላችሁ። ከሦስት ሰዓት በላይ ስለሚፈጅ በጠዋት ውጡ። አይዘናህ ላይ መውረድ ከፈለጋችሁ ዋርትቡርግ አለ፤ ሉተር ሐዲስ ኪዳንን ወደ ጀርመንኛ የመለሰበት ግንብ። ጊዜ ከጠበበባችሁ ግን እሱን ለሌላ ቀን አቆዩትና ጎታ ላይ ቆዩ። ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ላይ ነው፣ ከታች ከገበያው አደባባይ ጀምራችሁ ውጡ። እድሳት ስላለ የትኛው ክፍል ክፍት እንደሆነ አስቀድማችሁ እዩ። ምሥራቃዊው ክንፍ የምርምር ቤተ መጻሕፍት ነው።

አንድ ምክር። ሦስት ቦታ የምትቀይሩ ከሆነ መዘግየት አይቀርም። በመቀየሪያ ጣቢያዎቹ መካከል አጭር ጊዜ ያለውን አትምረጡ፤ ቀጣዩ ባቡር ይሻላል። ማታ ስትመለሱ ደግሞ የመጨረሻውን ሳይሆን ከመጨረሻው በፊት ያለውን ያዙ።

የማይንዝ ነርስ፦

እጄን በአፌ ነው የጫንኩት። አባ ጎርጎርዮስ ያን ሁሉ መንገድ አቋርጠው መጥተው፣ እኛ 63 ዩሮ ከፍለን ቤት እንቀመጣለን!

ሉክሰምበርግ አቅራቢያ፦

ትሪር ከደረሳችሁ ሉክሰምበርግ ሳትገቡ አትመለሱ። ከማርች 2020 ጀምሮ በመላ አገሪቱ አውቶቡስ፣ ትራምና ባቡር በሁለተኛ ማዕረግ በነጻ ነው። ለነዋሪ ብቻ ሳይሆን ለእንግዳም ነው። ሸንገን የምትባለዋ መንደርም እዚያው ሞዘል ዳር፣ ሦስት አገሮች የሚገናኙበት ላይ ናት። ስምምነቱ በጁን 1985 የተፈረመው ወንዙ ላይ በቆመች መርከብ ውስጥ ነው፤ ፈራሚዎቹ አምስት አገሮች ነበሩ። አዲስ አበባ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ስንት ቀን የተሰለፍንበት ቪዛ ስሙን ያገኘው ከዚህች የወይን ገበሬ መንደር ነው። እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ወስጃት ነበር። ወንዙን አይታ «ይኼ ነው ድንበሩ?» ብላ ብዙ ቆመች።

ታታሪው ከዱይስቡርግ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ እህቴ፣ ያልሽው ገብቶኛል፤ በሐሳቤ ግን እንዳለሁ ነኝ። ልጆቼ እስኪመጡ ለእኔ ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው። ኮሎኝ ግን ከፈረቃ በኋላ እሞክራለሁ፤ ለሰብአ ሰገል ብዬ። ባቡር ወዳጅ፣ የጎታውን መንገድ አስቀምጬዋለሁ። ትልቁ ልጄ ታሪክ ይወዳል።

አዲስ መጤ፣ ካሰል፦

ጎታ ጀርመን ውስጥ ስለሆነ እኔም መሄድ እችላለሁ ማለት ነው? ካሰል ነው ያለሁት።

ወረቀት የሚያውቅ፦

ከአካባቢህ እንዳትወጣ የሚል ገደብ ወረቀትህ ላይ ከሌለ ትችላለህ። መታወቂያ ወረቀትህን ኦሪጅናሉን ያዝ።

ባቡር ወዳጅ፣ ፍራንክፈርት፦

ከካሰል እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ቅርብ ነህ፤ ቤብራ ድረስ በአንድ ባቡር ትመጣለህ። የሚመጣ ካለ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ከፍራንክፈርት የምትነሡ ዋናው ጣቢያ ላይ፣ ከካሰል የምትመጡ ቤብራ ላይ እንገናኛለን። ትክክለኛውን ሰዓት የባቡሩ ሰሌዳ ሲረጋገጥ እዚህ እጽፋለሁ፤ በዚያ መስመር የሐዲድ ሥራ ሲኖር አውቶቡስ ስለሚተካ ዓርብ ማታ ደግማችሁ እዩ።

የማይንዝ ነርስ፦

እኔ አለሁ፣ ፈረቃዬን ቀይሬያለሁ። ድፎ ዳቦና ሻይ በእኔ። ያቺ ብቸኝነት ገደለኝ ያለችውም እህት ይህን ካነበበች በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፤ ከየት እንደምትነሺ ብቻ ንገሪኝና መንገድ ላይ እንቀበልሻለን።

የሁለት ልጆች እናት፣ ኑርንበርግ፦

እኛ በኤርፉርት በኩል እንመጣለን። ልጆች እንደማይከለከሉ ተስፋ አለኝ፤ ለጠርሙሶቻችሁ ከረጢት ይዘዋል።